ማርኮ ፓንታኒ፦ ዳገቱን ያሸነፈው፣ ከጥርጣሬው ያላመለጠው

ከኮምቦልቻ ደሴ የሚወስደውን መንገድ በሳይክል ሞክራችሁት ታውቃላችሁ? ኮምቦልቻ ከባህር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ ደግሞ 2,500 ገደማ። ሐረጎ ላይ ሲደርስ የጭነት መኪና እንኳን ማርሽ ቀንሶ እያቃሰተ ነው የሚወጣው።

አሁን ደግሞ ይቺን አስቡ። በቱር ዴ ፍራንስ ውድድር ስሙ የገነነው አልፕ ዲዌዝ የሚባለው ዳገት 13.8 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 21 መጠምዘዣ አለው። ጫፉ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። እነሱ ትንፋሻቸው አልቆ የሚደርሱበት ከፍታ፣ እኛ ኮምቦልቻ ላይ ቆመን ዳገቱን የምንጀምርበት ነው ማለት ነው። ግን የእነሱ ዳገት ቀጥ ያለ ነው፤ 14 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ 1,100 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል። የኛው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚወጣው 650 ሜትር ያህል ነው።

ያንን ዳገት በ1997 በ37 ደቂቃ ተኩል ገደማ የጨረሰ ሰው ነበር። በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ ብዙዎቻችን ሜዳ ላይም አንነዳውም። ስሙ ማርኮ ፓንታኒ ይባላል። ዛሬ የእሱን ታሪክ እናካፍላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባህር ጠረፍ የመጣው ተራራ ወጪ

ፓንታኒ የተወለደው ጥር 13 ቀን 1970 ጣሊያን ውስጥ ነው። ያደገው ቼዜናቲኮ በምትባል የአድሪያቲክ ባህር ጠረፍ ከተማ ነው። አባቱ የቧንቧ ሠራተኛ፣ እናቱ ቂጣ ጋግራ የምትሸጥ ነበረች። ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ነው፤ ዳገት ሲያይ ግን እግሩ ሌላ ይሆናል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ72፣ ክብደቱ 57 ኪሎ ገደማ ነበር። ለተራራ የተሠራ ሰውነት ማለት ይሄ ነው።

በ1992 ፕሮፌሽናል ሆነ። በ1994 ገና በ24 ዓመቱ በጂሮ ዲ ኢታሊያ 2ኛ፣ በቱር ዴ ፍራንስ 3ኛ ወጣ። ከዚያ ጥቅምት 1995 ላይ ከባድ ነገር ደረሰበት። ሚላኖ-ቶሪኖ በተባለው ውድድር ቁልቁለት ሲወርድ ከመኪና ጋር ተጋጨና ግራ እግሩ ተሰበረ። ብዙ ሰው በቃ አበቃለት አለ።

አላበቃለትም። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጭንቅላቱን በጨርቅ አስሮ፣ ጆሮው ላይ ሎቲ አድርጎ ተመለሰ። ጣሊያኖች የባህር ወንበዴው ብለው ሰየሙት።

1998፦ የክብር ዓመት

በ1998 ጂሮውን አሸነፈ። ከወር በኋላ ቱር ዴ ፍራንስ ላይ ሐምሌ 27 ቀን የሆነው ግን እስካሁን ይወራል። ዝናብና ብርድ ነበር። ጋሊቢዬ የሚባለው ከ2,600 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ (ከደሴ ትንሽ ከፍ ያለ ማለት ነው) ላይ ፓንታኒ ከኮርቻው ተነስቶ ፈተለከ። ቢጫ ማልያ ለብሶ የነበረው ጀርመናዊው ያን ኡልሪሽ ሊከተለው አልቻለም። መጨረሻው መስመር ላይ በመካከላቸው 9 ደቂቃ ያህል ልዩነት ነበር። ማልያውም ወደ ፓንታኒ ዞረ።

ጂሮንና ቱርን በአንድ ዓመት ያሸነፈ 7ኛው ሰው ሆነ። ከእሱ በኋላ ይህን የደገመው ታዴ ፖጋቻር ነው፤ እሱም በ2024፣ ከ26 ዓመት በኋላ።

ችግሩ ያ ቱር የሚታወሰው በእሱ ድል ብቻ አለመሆኑ ነው። ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ፌስቲና የተባለው ቡድን መኪና በፈረንሳይና ቤልጅየም ድንበር ላይ በአበረታች መድኃኒት ተሞልቶ ተያዘ። ፖሊስ ሆቴሎችን ፈተሸ፣ ቡድኑ ተባረረ፣ ከ189 ተወዳዳሪ ውስጥ 100 እንኳን ሳይሞሉ ፓሪስ ደረሱ።

ኢፒኦ ምንድነው?

ይሄ ነገር ለኛ ለደጋ ሰዎች ቅርብ ነው። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ኦክስጅን ይጎድለዋል። ያኔ ኩላሊት ኢፒኦ የሚባል ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑም ቀይ የደም ሴል እንዲበዛ ያደርጋል። ቀይ የደም ሴል ሲበዛ ለጡንቻ የሚደርሰው ኦክስጅን ይጨምራል። አትሌቶች ደጋ ላይ የሚሰለጥኑት አንዱም ለዚህ ነው።

የሚገርመው፣ በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸው ቆላ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ደማቸው ሳይወፍር ከፍታውን ለምደውታል ማለት ነው።

ኢፒኦ በፋብሪካ ሲመረት ታስቦ የነበረው ለኩላሊት ሕመምተኞችና ለደም ማነስ ነው። በ1990ዎቹ ግን የሳይክል ተወዳዳሪዎች በመርፌ መውሰድ ጀመሩ። በወቅቱ የሚለይበት ምርመራ አልነበረም። ስለዚህ ከ1997 ጀምሮ የዓለም የሳይክል ማኅበር አንድ መላ ዘየደ፦ ቀይ የደም ሴል ከደሙ ውስጥ ከ50 በመቶ በላይ ከያዘ ተወዳዳሪው ለ15 ቀን ያርፋል። በይፋ ምክንያቱ ጤና ነው፤ የወፈረ ደም ይረጋል፣ ልብን ያስጨንቃል። ሰውየው ጥፋተኛ ነው አይባልም። ግን ሁሉም ሰው ትርጉሙን ያውቀዋል።

ሰኔ 5 ቀን 1999

ፓንታኒ ጂሮውን ከ5 ደቂቃ በላይ እየመራ ነበር። የቀሩት 2 ቀናት ብቻ ናቸው። ማዶና ዲ ካምፒሊዮ በተባለች የተራራ ከተማ ጠዋት ደም ሰጠ፤ ውጤቱ 52 በመቶ ሆነ። ሮዝ ማልያውን አውልቆ በፖሊስ ታጅቦ ከሆቴሉ ወጣ።

ከዚያች ጠዋት በኋላ ፓንታኒ ያው ፓንታኒ አልሆነም። ተሴረብኝ ብሎ አመነ። ፍርድ ቤት ተመላለሰ፤ ስለ 1995ቱ አደጋ ዕለት ሲመረመርም የደሙ መጠን ያኔ ከ60 በመቶ በላይ እንደነበር ታወቀ። ተፈረደበት፣ ይግባኝ ብሎ ነፃ ወጣ። በ2000 ቱር ላይ ሞን ቫንቱን ከላንስ አርምስትሮንግ ቀድሞ ወጣ፣ ከ3 ቀን በኋላ ኩርሼቬልን ደገመ። የመጨረሻ ድሉ ይቺ ሆነች። ከዚያ በኋላ ድብርት፣ ኮኬይን፣ ብቸኝነት።

የካቲት 14 ቀን 2004 ሪሚኒ ከተማ በአንድ ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ምርመራው ከመጠን ያለፈ ኮኬይን አለ። ዕድሜው 34 ነበር። ቤተሰቡ ተገድሏል በሚል ጉዳዩን ደጋግሞ አስከፍቷል፤ እስካሁን በግድያ የተፈረደበት ሰው ግን የለም። በቀብሩ ቀን በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቼዜናቲኮን ሞላት።

ታዲያ ምን እንበለው?

በ2013 የፈረንሳይ ሴኔት ባወጣው ሪፖርት ከ1998ቱ ቱር ተቀምጠው የነበሩ ናሙናዎች እንደገና ሲመረመሩ የፓንታኒ ውስጥ ኢፒኦ መገኘቱ ተገለጸ። የኡልሪሽም እንዲሁ። አንደኛም ሁለተኛም የወጣው ያው ነው ማለት ነው። አርምስትሮንግ 7 ዋንጫውን ተነጥቋል፤ የፓንታኒ ግን ዛሬም በስሙ ተመዝግቦ አለ።

ሁሉም ይወስድ ነበር ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ያልወሰዱትስ? እምቢ ብለው 50ኛ የወጡ፣ ከቡድን የተቀነሱ፣ ስማቸውን ማንም የማያውቀው ልጆች ነበሩ። ከሁሉ በላይ የተጎዱት እነሱ ናቸው።

ዕዳው ደግሞ ለዛሬዎቹም ተርፏል። በ2024 ፖጋቻር ፕላቶ ደ ቤይ የተባለውን ዳገት ከፓንታኒ የ1998 ሰዓት ከ3 ደቂቃ በላይ አሻሽሎ ወጣ። ፖጋቻር በምርመራ ተይዞ አያውቅም። ሰው ግን ከማጨብጨቡ በፊት ሰዓቱን አይቶ ተጠራጠረ። የኛ ሯጮችም ሪከርድ በሰበሩ ቁጥር ይቺ ጥያቄ ትከተላቸዋለች። አንድ ትውልድ በመርፌ ያተረፈውን፣ ንጹሕ የሆነው ልጅ ሳይበደር እየከፈለው ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? የፓንታኒ የ1998 ድል ይሰረዝ ወይስ ይቆይ? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልን።