ንጉሥ ሚካኤልና የአይጠየፍ አዳራሽ

ዋግ ለብዙ ዘመን በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበር። ስለዚህ የሰቆጣ ሰው ከአውራጃው በላይ ጉዳይ ሲኖረው መሄጃው ደሴ ነበረች። ታዲያ ይህችን ደሴ ከተማ ያደረጋት ማን ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ የንጉሥ ሚካኤልን ሕይወትና ያሠሩትን አዳራሽ ታሪክ ለማየት እንሞክራለን።

ንጉሥ ሚካኤል የተወለዱት በወሎ ከሚገዛ የእስላም ባላባት ቤተሰብ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ስማቸው መሐመድ ዓሊ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ የወሎ እስላም ሹማምንት ወይ መጠመቅ ወይ ሹመታቸውን መልቀቅ ግድ ሆነባቸው። እንደ ሼህ ጠልሃ ያሉት እምቢ ብለው ሸፈቱ። መሐመድ ዓሊ ግን ተጠመቁ። የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ፤ ስማቸውም ሚካኤል ተባለ፤ የራስነት ማዕረግም አገኙ። ሹመቱ ተረፈላቸው፤ የሚገዙት ሕዝብ ግን ግማሹ መስጊድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ነበር።

ደሴ የሚለውን ስም ያወጡት ዐፄ ዮሐንስ ናቸው ይባላል። ይሁን እንጂ ስም ማውጣትና ከተማ ማቆም አንድ አይደለም። በ1880ዎቹ ራስ ሚካኤል መቀመጫቸውን ከተንታ ወደ ደሴ አዛወሩ። ገዢው ሲቀመጥ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው ተከትሎ ይሰፍራልና ደሴ ከጦር ሰፈርነት ወደ ከተማነት ያደገችው በእሳቸው ጊዜ ነው። በ1888 ዓ.ም. የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዐድዋ ዘመቱ። የዐፄ ምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ። ልጅ ኢያሱ በአያታቸው እግር ሲተኩ፣ አባትየው በግንቦት 1906 ዓ.ም. በደሴ የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ።

አዳራሹ የተሠራው ይህ ክብር በደረሰበት ሰዓት፣ በ1907 ዓ.ም. ገደማ ነው። ግብር ማብያ ነው። ስሙም አይጠየፍ ተባለ፤ ማንንም አይንቅም፣ ከማንም አይሸሽም ማለት ነው። የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለየብቻ በሚታረድበት አገር ይህ ስም ቀላል ነገር አይደለም። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሃይማኖታቸውን በግድ የለወጡ ሰው የሁሉም ቤት ነው የሚል ስም ያለው አዳራሽ ማሠራታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይታይም።

ግን አልቆየላቸውም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ከሥልጣን ወረዱ። አባት ጦራቸውን ይዘው ለልጃቸው ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ ራስ ልዑልሰገድን ድል አደረጉ። ሆኖም ወዲያው ወደ አዲስ አበባ አልገሠገሡም፤ የሸዋ ጦርም ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። ደሴ ላይ ዘውድ በጫኑ በሁለት ዓመት ተኩል እስረኛ ሆነው በአዲስ አበባ ሕዝብ ፊት አለፉ። በ1910 ዓ.ም. መጨረሻ እንደታሰሩ ዐረፉ።

አዳራሹ ግን ቀረ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ከተማዋ ተቃጠለች፤ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተመታ። አይጠየፍ ያንንም ዘመን አለፈ።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? ንጉሥ ሚካኤልን አንዳንዱ ለሹመት ሲሉ የተጠመቁ፣ ሌላው ለልጃቸው ሲሉ አገር ያዋጉ ብሎ ብቻ ያነሣቸዋል። ሁለቱም ከታሪካቸው ውስጥ አለ። ነገር ግን ከተማ አቁመዋል፤ ለከተማውም ማንንም አይንቅም የሚል ቤት ትተዋል። ደሴ የሄደ ተማሪ አዳራሹን ሳያይ ባይመለስ፣ ስሙንም እያሰበ ቢያየው መልካም ነው።