ከተራራ መውረድን ያወቁበት ንጉሥ፦ የምኒልክ ሦስት ተራሮች

ሰሞኑን ከመሪ ወደ ሰሜን ቀና ስትሉ የየካና የእንጦጦ ሸንተረር ጉም ለብሶ ነው የሚውለው። አብዛኞቻችን እዚያ የምንወጣው ለሩጫ፣ ለፎቶ ወይ ለጸበል ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግን ተራራ ታስረውበታል፣ ነግሠውበታል፣ ድል አድርገውበታል። ዛሬ ሕይወታቸውን በሦስት ተራሮች እንተርክላችሁ።

መቅደላ

ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ነው። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ሲሞቱ አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ያዙ፤ የ11 ዓመቱን ልጅም ይዘው ሄዱ። ምኒልክ 10 ዓመት ገደማ በቴዎድሮስ እጅ ቆዩ። የመጨረሻው ማረፊያቸው መቅደላ ነበር፤ ዙሪያው ገደል፣ መግቢያ መውጫው በጣት የሚቆጠር አምባ።

በሰኔ 1857፣ ክረምቱ ሲገባ፣ በሌሊት አመለጡ። ግን ከአምባ መውረድ ብቻውን አያድንም፤ ከታች የሚቀበል ሰው ያስፈልጋል። የወሎዋ ወርቂት አሳለፏቸው። የሳቸው ልጅ ደግሞ መቅደላ ላይ እስረኛ ነበርና ቴዎድሮስ አስገደሉት። ምኒልክ ሸዋ ገብተው ሲነግሡ ለመንገዱ ዋጋ የከፈለችው የሌላ ሰው እናት ነበረች።

እንጦጦ

በ1870ዎቹ ከተማቸውን እንጦጦ ላይ አደረጉ። ለጦር ሰው ቦታው ምርጥ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ ጠላትን ከሩቅ ያሳያል። ለኑሮ ግን ከባድ ነበር። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ነፋሱ ድንኳን ይነቅላል፣ እህልና እንጨት በዳገት ነው የሚወጣው። ዛፉም ተቆርጦ አለቀ።

እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደዱት፤ በ1879 እዚያ አካባቢ ቤት ተሠራ፣ ስሙም አዲስ አበባ ተባለ። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ቢሆንም ከተማው ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ባህር ዛፍ ያን የማገዶ ችግር ለመፍታት በሳቸው ዘመን ከውጭ የመጣ ነው። ምሽግ ብለው የያዙትን ተራራ አልሆነም ሲሉ መልቀቃቸው ሽንፈት አልነበረም።

አድዋ

የካቲት 22 ቀን 1888 ማታ የጣሊያን ጦር በማያውቀው ተራራ መሃል በሌሊት ተነሳ። በያዘው ካርታ ላይ የኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ያለቦታው ተመልክቶ ነበር። የጄኔራል አልቤርቶኔ ጦር ኮረብታውን ፍለጋ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደፊት ዘለቀ፣ ሲነጋም ብቻውን ተገኘ። ምኒልክ በበኩላቸው አገሩን የሚያውቅ ሰው ከጎናቸው ነበር። ድሉ የጀግንነት ነው፤ ግን ተራራውን አለማወቅም ጣሊያንን ከፋፍሎታል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 አረፉ። አፅማቸው በታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገብ በዓታ ለማርያም ይገኛል።

ይሄን ሁሉ ለምን አነሳነው? እኛ አገር እንደ አውሮፓ ተራሮች የበረዶ ናዳ ባይወርድም አፈሩ ይወርዳል። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ፤ ሁለተኛው ናዳ ደረሰባቸው።

ስለዚህ በክረምት ዳገት የምትወጡ፣ ተዳፋት ላይ የምትኖሩም፦ መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ካወጣ፣ ዛፍ ወይ ምሰሶ ከዘመመ፣ የጠራ ምንጭ ድንገት ከደፈረሰ ቶሎ ልቀቁ። ስትሸሹ ናዳው በሚወርድበት መስመር ቁልቁል አትሩጡ፤ ወደ ጎን ውጡ። ዝናብ ሲጥል በሸለቆ ውስጥ አትሂዱ። የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታም ሊሳሳት ይችላል። ናዳ ከወረደ ደግሞ ለማዳን ከመግባታችሁ በፊት አንድ ሰው ዳገቱን እያየ ይቁም።

ምኒልክ እንጦጦን ለቀው በመውረዳቸው ማንም ፈሪ አላላቸውም። እናንተንም አይላችሁም። ተራራ ለሚወጣ ጓደኛችሁ አጋሩት።