ቪቪየን ሊ

ቪቪየን ሊ (ኖቬምበር 5 ቀን 1913 – ጁላይ 8 ቀን 1967 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊት የፊልምና የመድረክ ተዋናይት ነበረች። በምርጥ መሪ ተዋናይት ዘርፍ ሁለት ጊዜ የኦስካር ሽልማት አግኝታለች። ሁለቱንም ያገኘችው የደቡብ አሜሪካ ግዛቶችን ሴቶች በመጫወት ነው። የመጀመሪያዋ በ«ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» (1939) የተጫወተቻት ስካርሌት ኦሃራ ስትሆን፣ ሁለተኛዋ በ«ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» (1951) የተጫወተቻት ብላንሽ ዱቡዋ ናት። እርሷ ራሷ ግን የተወለደችው በሕንድ፣ የተማረችውም በእንግሊዝና በሌሎች የአውሮፓ አገሮች ነው። በዚህ ገጽ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

የትውልድ ስሟ ቪቪያን ሜሪ ሃርትሊ ነው። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው ሕንድ፣ በዳርጂሊንግ ከተማ ተወለደች። አባቷ ኧርነስት ሃርትሊ በካልካታ በድለላ ሥራ ይተዳደር ነበር። በስድስት ዓመቷ በለንደን ሮሃምፕተን በሚገኝ የካቶሊክ መነኮሳይያት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች። በዚያ አብራት የተማረችው አየርላንዳዊቷ ሞሪን ኦሱሊቫን በኋላ በታርዛን ፊልሞች ታዋቂ ሆናለች። ቪቪየን ከዚህ በኋላ በአውሮፓ የተለያዩ ትምህርት ቤቶች ተምራ ፈረንሳይኛና ጣሊያንኛ ቻለች። በ1931 ወደ ለንደን ንጉሣዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚ ገባች።

በ1932 ኸርበርት ሊ ሆልማን የተባለ የሕግ ባለሙያ አገባች፤ በሚቀጥለው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። «ሊ» የሚለው የመድረክ ስሟ ከባሏ ስም የተወሰደ ነው። በ1935 ለንደን ውስጥ «ዘ ማስክ ኦቭ ቨርቹ» በተባለ ተውኔት ስትጫወት ጋዜጦች አደነቋት፤ የፊልም ፕሮዲዩሰሩ አሌክሳንደር ኮርዳም ውል አስፈረማት። በ1937 «ፋየር ኦቨር ኢንግላንድ» በተባለው ፊልም ከሎረንስ ኦሊቪዬ ጋር ሠራች። ሁለቱም ትዳር የነበራቸው ቢሆንም በፍቅር ተሳሰሩ። የቀድሞ ጋብቻቸው ከፈረሰ በኋላ ኦገስት 31 ቀን 1940 በካሊፎርኒያ ተጋቡ።

ስካርሌት ኦሃራ

በ1936 የታተመው የማርጋሬት ሚቸል ልቦለድ ታሪኩ የሚፈጸመው በጆርጂያ ግዛት፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865) ጊዜና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ የፊልም መብቱን በ50,000 ዶላር ገዛ። ለስካርሌት የምትሆን ተዋናይት ፍለጋ ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ፤ ወደ 1,400 የሚጠጉ ሴቶችም ታዩ። ዲሴምበር 10 ቀን 1938 የአትላንታ ከተማ ቃጠሎ የሚታይበት ክፍል አሮጌ የስቱዲዮ ግንባታዎችን በማቃጠል ሲቀረጽ፣ የሴልዝኒክ ወንድምና የተዋንያን ወኪል የነበረው ማይረን ሴልዝኒክ ቪቪየንን ወደ ቀረጻው ቦታ ይዟት መጣ። በመጨረሻው ዙር ከፖሌት ጎዳርድ፣ ከጂን አርተርና ከጆአን ቤኔት ጋር ተወዳድራ ተመረጠች። ምርጫው በጃንዋሪ 1939 ይፋ ሆነ።

ዜናው በደቡብ ግዛቶች ቅሬታ አስነሣ። የደቡብን ሴት ለእንግሊዛዊት መስጠት ተገቢ አይደለም ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ሌሎች ደግሞ በጦርነቱ ደቡብን ካሸነፈው ከሰሜን ከምትመጣ አሜሪካዊት ይልቅ እንግሊዛዊት ትሻላለች በማለት ተቀበሉት።

የጆርጂያ ጋዜጠኛና የማርጋሬት ሚቸል ወዳጅ የነበረችው ሱዛን ማይሪክ ተዋንያኑን የደቡብን አነጋገርና ወግ እንድታስተምር ተቀጠረች። ለቪቪየን ሥራውን በከፊል ያቀለለላት ነገር ነበር። የድሮዎቹ የደቡብ ባለርስቶች አነጋገርና የተማሩ እንግሊዛውያን አነጋገር በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ በሁለቱም በቃል መጨረሻና ከሌላ ተነባቢ በፊት የሚገኘው የ«ር» ድምፅ አይሰማም። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ግን ይህ ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ስለዚህ ቪቪየን በዋናነት መማር የነበረባት የአናባቢዎቹን አነባበብ፣ አጎታተታቸውንና የንግግሩን ዜማ ነበር።

ከአራቱ ዋና ተዋንያን መካከል በአሜሪካ የተወለደው ክላርክ ጌብል ብቻ ነው። ሌስሊ ሃዋርድ እንግሊዛዊ ነበር፤ ኦሊቪያ ደ ሃቪላንድም ከእንግሊዛውያን ወላጆች ቶኪዮ ውስጥ ተወልዳ ካሊፎርኒያ ያደገች ናት። የኦሃዮ ተወላጁ ጌብል በደቡብ አነጋገር ለመናገር ብዙም አልሞከረም፤ ሃዋርድም የእንግሊዝ አነጋገሩን እምብዛም አልለወጠም። ቪቪየን ለ125 ቀናት ያህል ስትሠራ ጌብል የሠራው 71 ቀን ገደማ ነው። የተከፈላት ግን 25,000 ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ጌብል ከ100,000 ዶላር በላይ አግኝቷል።

የአትላንታው ምረቃና ሃቲ ማክዳንኤል

ፊልሙ ዲሴምበር 15 ቀን 1939 በአትላንታ ተመረቀ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ በየጎዳናው ወጥቶ እንግዶቹን ተቀበለ፤ ቪቪየንም በከተማዋ በክብር ተስተናገደች። በፊልሙ ማሚ የተባለችውን የቤት አገልጋይ የተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ሃቲ ማክዳንኤል ግን በምረቃው አልተገኘችም፤ በጆርጂያ ጥቁሮችንና ነጮችን የሚለያይ ሕግ ነበርና። ማክዳንኤል በካንሳስ ግዛት የተወለደች፣ ወላጆቿም በባርነት የኖሩ ነበሩ። ከባሕር ማዶ የመጣችው ተዋናይት ገና በሥራው መጀመሪያ ላይ የደቡብ ሴት መሆን ትችላለች ወይ ተብሎ ክርክር ቢነሣባትም፣ በመጨረሻ እንደ አገር ልጅ ተቀባይነት አገኘች። ታሪኩ የወላጆቿ ታሪክ የሆነው ማክዳንኤል ግን በሩ ተዘጋባት።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1940 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ቪቪየን የምርጥ መሪ ተዋናይትን ሽልማት ወሰደች። ማክዳንኤልም በረዳት ተዋናይት ዘርፍ በማሸነፍ ኦስካር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሰው ሆነች፤ በአዳራሹ ግን የተቀመጠችው ከሌሎቹ ተዋንያን ተለይታ ነበር። ፊልሙ ባርነትን አሳምሮ ያሳያል የሚለው ትችት ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ይቀርብበታል።

ብላንሽ ዱቡዋ

የቴነሲ ዊልያምስ ተውኔት «ኤ ስትሪትካር ኔምድ ዲዛየር» በ1947 ኒው ዮርክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ብላንሽን የተጫወተችው ጄሲካ ታንዲ ነበረች፤ እርሷም የለንደን ተወላጅ ናት። ብላንሽ የቤተሰቧን ርስት ያጣች የሚሲሲፒ መምህርት ስትሆን፣ በኒው ኦርሊንስ እኅቷ ቤት ተጠግታ ሳለ አእምሮዋ ይታወካል። ቪቪየን ይህን ገጸ ባሕርይ ከ1949 ጀምሮ በለንደን በኦሊቪዬ አዘጋጅነት 326 ጊዜ ተጫወተች።

ፊልሙን ያዘጋጀው ኤሊያ ካዛን ሲሆን፣ ማርሎን ብራንዶ፣ ኪም ሃንተርና ካርል ማልደን ከኒው ዮርኩ መድረክ የመጡ ነበሩ። ከአራቱ ዋና ተዋንያን ከሌላ መድረክ የመጣችው ቪቪየን ብቻ ነበረች። በመጀመሪያ ኦሊቪዬ ባሳያት መንገድና ካዛን በሚፈልገው መካከል አለመግባባት ተፈጥሮ ነበር፤ ቀረጻው እየገፋ ሲሄድ ግን ተግባቡ። በ1952 ሁለተኛውን ኦስካር አሸነፈች።

ሕመምና የመጨረሻ ዓመታት

ቪቪየን ባይፖላር የሚባለው የአእምሮ ሕመም ነበረባት፤ በ1940ዎቹ አጋማሽም የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባት። በ1953 «ኤሌፋንት ዎክ» የተባለውን ፊልም በሲሎን መሥራት ከጀመረች በኋላ ሕመሙ ስለጠናባት ቦታዋ ለኤልሳቤጥ ቴይለር ተሰጠ። በዚያ ዘመን የተለመደው የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናም ተደርጎላታል። በ1960 ከኦሊቪዬ ጋር ተፋታች።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊልሞቿም አሜሪካዊት የሆነችባቸው ናቸው። በ«ዘ ሮማን ስፕሪንግ ኦቭ ሚስስ ስቶን» (1961) ሮም የምትኖር አሜሪካዊት ተዋናይት፣ በ«ሺፕ ኦቭ ፉልስ» (1965) ደግሞ ከባሏ የተፋታች አሜሪካዊት መንገደኛ ሆና ተጫውታለች። በ1963 «ቶቫሪች» በተባለው የኒው ዮርክ ሙዚቃዊ ተውኔት የቶኒ ሽልማት አግኝታለች።

በጁላይ 1967 በለንደን መኖሪያዋ በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት በ53 ዓመቷ አረፈች። የማዕከላዊ ለንደን ቲያትር ቤቶች ለክብሯ የውጭ መብራታቸውን ለአንድ ሰዓት አጠፉ።

በአማርኛ

የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ ወደ አማርኛ የመለሰው ገጣሚው ነቢይ መኮንን ነው። ትርጉሙን የሠራው በደርግ ዘመን በእስር ላይ ሳለ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ በመጻፍ ነበር። መጽሐፉ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታትሟል። ብዙ የአማርኛ አንባቢዎች ስካርሌትን ያወቋት በዚህ ትርጉም ነው።