ጠያቂን ያልናቁ ጸሐፊ፦ አቶ ጳውሎስ ኞኞ (1926–1984 ዓ.ም.)



በነገሌ ቦረናም ሆነ በአዶላ፣ በያቤሎና በሞያሌ የሚያገለግል የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ፈተና አለ። ትምህርቱ ሊፈጸም ሲል ከጉባኤው መካከል አንድ ወጣት ይነሣና ያልታሰበ ጥያቄ ያቀርባል። መልሱን የማያውቅ መምህር ጠያቂውን በቁጣ ለማስቀመጥ፣ ወይም ያላወቀውን እንዳወቀ ሆኖ ለመናገር ይፈተናል። ከሁለቱም የሚሻለው መንገድ መርምሮ መመለስ ነው። ይህን መንገድ የሕይወታቸው ሙያ አድርገውት ያለፉትን ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ አቶ ጳውሎስ ኞኞን በዚህ እትም ልናስታውሳቸው ወደድን።

አቶ ጳውሎስ በኅዳር ወር 1926 ዓ.ም. በሐረርጌ ቁልቢ ተወለዱ። አባታቸው ግሪካዊ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ። መደበኛ ትምህርታቸው ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። እንዲህ ያለ ሰው በሀገሪቱ ከታወቁት ብዕረኞች አንዱ ይሆናል ብሎ ማን ይገምት ነበር? ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ያልሰጣቸውን በንባብ ፈለጉት። የማወቅ ጉጉታቸው ወደ ጋዜጣ ሥራ መራቸው፤ በ«የኢትዮጵያ ድምፅ» እና በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጦችም አገለገሉ።

በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ ያስወደዳቸው ግን «አንድ ጥያቄ አለኝ» የተሰኘው የጋዜጣ ዓምዳቸው ነው። አንባቢዎች ከየአቅጣጫው ደብዳቤ ይልኩላቸው ነበር። አንዱ ስለ ታሪክ፣ ሌላው ስለ ሳይንስ፣ ሌላው ደግሞ ስለ ትዳሩ ይጠይቃል። እርሳቸውም ባጭሩ፣ ቀልድና ቁም ነገር እያጣመሩ ይመልሳሉ። አንዳንድ ጊዜ ጠያቂውን ይሸነቁጡታል፤ ጥያቄው ትንሽ ነው ብለው ግን አይጥሉትም። ከገጠር ከተማ በእጁ የጻፈው ጥያቄ በሀገሪቱ ጋዜጣ ላይ ታትሞ ያየ ሰው ምን ያህል ክብር እንደ ተሰማው መገመት አያዳግተንም። «አስደናቂ ታሪኮች» የተሰኘው መጽሐፋቸውም ከዚሁ የማወቅና የማሳወቅ ፍቅር የመነጨ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ጋዜጣ ሁሉን ለመናገር ነጻነት አልነበረውም። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ከነገሌ መውጣት አያስፈልገንም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በከተማችን የሰፈረው የአራተኛ ብርጌድ ጦር በምግብና በውኃ ችግር ተማርሮ አመፀ። ችግሩን ሊያጣሩ የመጡትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ እርሱ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ አደረጋቸው። የመንግሥቱን መሠረት ካናወጡት የዚያ ዓመት ድርጊቶች የመጀመሪያው ይህ ነበር። መንግሥት ወሬውን ለመሸፈን ቢሞክርም፣ በጦሩ የራዲዮ መገናኛ አማካይነት ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ። ከዚያ በኋላ በመጣው የደርግ ዘመንም የሳንሱር ቀንበር ከጋዜጠኛው ጫንቃ አልወረደም።

አቶ ጳውሎስ በኋለኛው የሕይወታቸው ዘመን በይበልጥ ወደ ታሪክ መጻሕፍት አዘነበሉ። በ1980 ዓ.ም. «የኢትዮጵያና የኢጣልያ ጦርነት» የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተሙ። ወረራው ሲጀመር ገና ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃን ስለ ነበሩ፣ የዚያን ጦርነት ታሪክ ከሌሎች ምስክርነትና ከጽሑፍ መልቀም ነበረባቸው። ጦርነቱ ለእኛ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር በገናሌ ዶርያ ከተሸነፈ በኋላ ነገሌ በግራዚያኒ እጅ ወደቀች። ግራዚያኒም ለዚሁ ድል የነገሌ ማርኪስ የሚል የመኳንንት ማዕረግ ተሰጠው። ብዙዎች የሞቱባት የከተማችን ስም የወራሪው መጠሪያ ጌጥ ሆነ። እንዲህ ያለውን ነገር ካልጻፍነው ልጆቻችን ከየት ያውቁታል?

በ1984 ዓ.ም. ደግሞ «አጤ ምኒልክ» ታተመ። በዩኒቨርሲቲ የታሪክ ትምህርት ያልተማሩት ጸሐፊ በዚህ ሥራ የተከተሉት ዘዴ ለብዙዎቻችን ትምህርት ይሆናል። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ የራሳቸውን ግምት ከመደርደር ይልቅ በዘመኑ የተጻፉ ደብዳቤዎችን ፈልገው፣ እንዳሉ በመጽሐፋቸው አኖሩ። አንባቢው የዘመኑን ሰዎች ቃል ራሱ አንብቦ እንዲፈርድ በሩን ከፈቱለት። ምኒልክ በሀገር ውስጥ ከሹማምንቶቻቸው ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ስብስብም ጸሐፊው ካረፉ ከዓመታት በኋላ፣ በ2003 ዓ.ም. ለአንባቢ ደርሷል። ከዓምዳቸው እስከ መጽሐፎቻቸው ያየነው ጠባይ አንድ ነው፤ ጠያቂውን ማክበርና መልሱን ከምንጩ መፈለግ።

አቶ ጳውሎስ «አጤ ምኒልክ» በታተመበት በዚያው ዓመት፣ በግንቦት ወር 1984 ዓ.ም. በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

እኛ ክርስቲያኖች ይህን ጠባይ እንደ እንግዳ ነገር ልናየው አይገባም። ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ነገሩን ሁሉ ከመጀመሪያው በጥንቃቄ መርምሮ፣ በዓይናቸው ያዩት ያስተላለፉትን ተከትሎ በቅደም ተከተል እንደ ጻፈ በወንጌሉ መግቢያ ይነግረናል። ቤተ ክርስቲያን የጋዜጠኞች ጠባቂ አድርጋ የምታከብረው ቅዱስ ፍራንሲስ ዘሳልም ስብከቱን ሊሰሙ ላልመጡ ሰዎች ትምህርቱን በወረቀት እየጻፈ በየቤታቸው ያደርስ ነበር። እውነትን በጥንቃቄ ጽፎ ለወንድም ማድረስ የፍቅር ሥራ ነው።

የቦረና ሽማግሌዎች ዘመንን በአባ ገዳዎች ስም እየቆጠሩ፣ በየስምንት ዓመቱ የሆነውን በቃላቸው ይዘው ለትውልድ ማስተላለፋቸውን ሁላችን እናውቃለን። በየቁምስናችንም የመጀመሪያዎቹን ሚስዮናውያን ያዩ፣ የመጀመሪያዪቱ ጸሎት ቤት ስትሠራ ጭቃ ያቦኩ አረጋውያንና አረጋውያት አሉ። ከመካከላቸው አንዱ ባረፈ ቁጥር ማንም ያልጻፈው መጽሐፍ አብሮ ይቀበራል። ብዙ ጊዜ በቀብራቸው ዕለት ስለ ሕይወታቸው ለመናገር ስንነሣ የምናውቀው ጥቂት መሆኑ ያሳፍረናል፤ በሕይወት ሳሉ አልጠየቅናቸውምና።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ትምህርታችን ትንሽ ነው ብላችሁ ወደ ኋላ አትበሉ። ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው የሠራውን አይተናል። አንድ ደብተር ያዙ። ወጣቱ የጠየቃችሁንና መልሱን ያላወቃችሁትን ጻፉበት፤ በሚቀጥለው እሑድ መርምራችሁ ተመለሱ። በሌላኛው ገጽ ደግሞ አረጋውያኑ የሚነግሯችሁን ከነስማቸውና ከነዘመኑ አስፍሩ፤ ሰምታችሁ ያላረጋገጣችሁትንም እንደ ተረጋገጠ አድርጋችሁ አትጻፉ። የእውነት መንፈስ የሆነው መንፈስ ቅዱስ ብዕራችሁንና አንደበታችሁን ይምራ። የአቶ ጳውሎስ ኞኞንም ነፍስ እግዚአብሔር በቸርነቱ ያሳርፍልን። አሜን።