ኦኔሲሞስ ነሲብና የሕፃናት ትምህርት

የትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር ስለ ሕንፃ፣ ስለ ወንበርና ስለ መጻሕፍት ብዛት እንነጋገራለን። የእነዚህ አስፈላጊነት አይካድም። ነገር ግን ሕፃኑ ፊደል የሚቆጥርበት ቋንቋ ከሁሉ የሚቀድም መሆኑን በሥራው ያሳየ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበረ፤ እርሱም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ሸጡት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ሰው ነፃ አወጣውና በእምኩሉ ለነበረው የስዊድን ሚሲዮን ሰጠው። በ1872 ተጠመቀ፤ ከዚያም ወደ ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ተማረ።

ከተመለሰ በኋላ አሳቡ ሁሉ ወደ ተወለደበት አገር ሄዶ ማስተማር ነበረ። በሱዳን በኩል ሞከረ፤ አልሆነለትም። በሸዋ በኩልም ሞከረ፤ ፈቃድ አላገኘም። ይሁን እንጂ መንገዱ ተዘጋ ብሎ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በእምኩሉ ሆኖ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመረ።

በዚህ ሥራ ታላቅ ረዳት የሆነችው እንደ እርሱ ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። አስቴር የኦሮምኛ ቃላትን ሰበሰበች፤ ተረቱን፣ ምሳሌውንና ዘፈኑንም ጻፈች። ሐዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ለጀማሪዎች የሚሆን የኦሮምኛ ማንበቢያ ወጣ፤ ሕፃኑም በእናቱ ቤት የሚሰማውን ተረት በመጽሐፍ ለማንበብ ቻለ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር ታተመ። ሁሉም የተጻፉት በግዕዝ ፊደል ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስ ከአስቴር ጋር ወደ ወለጋ ገባ፤ በነቀምትም ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1906 ተከስሶ አቡነ ማቴዎስ ከአገሩ እንዲወጣ ፈረዱበት። ዐፄ ምኒልክ ግን እንዳይሰብክ ከልክለው በነቀምት እንዲኖር ፈቀዱለት። እርሱም በትምህርት ቤቱ ማስተማሩን ቀጠለ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክ ፈቃድ ሰጡት። በሰኔ 1931 በነቀምት ዐረፈ።

ይህ ታሪክ ለእኛ ለከሚሴ ልጆች ሩቅ አይደለም። ከ1994 የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ተደንግጓል። በዞናችንም ኦሮምኛ በላቲን ፊደል ይሰጣል። አንዳንድ ወላጆች ልጃችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ወደ ኋላ ይቀርብናል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋታቸው መናቅ የለበትም፤ የነገው እንጀራው በእነዚያም ቋንቋዎች ላይ ነውና። ነገር ግን ያልገባውን ቃል በቃሉ የሚያነበንብ ልጅ አንባቢ ሆነ አይባልም። አንድ ጊዜ ማንበብ የገባው ልጅ ግን ሌላውን ቋንቋ በዚያው መሠረት ላይ ይገነባል።

ስለዚህ ከኦኔሲሞስና ከአስቴር ሦስት ነገር እንማር። አንደኛ፣ መጽሐፍ ከመታተሙ አስቀድሞ እንደ አስቴር ወደ ሽማግሌዎችና ወደ እናቶች ሄዶ የወሎን ኦሮምኛ ቃልና ተረት መሰብሰብ ይገባል። ሁለተኛ፣ መምህሩ በሚያስተምርበት ቋንቋ በሚገባ ይሠልጥን። ሦስተኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በጊዜያቸው በብርቱ ይሰጡ።

መጽሐፍ ያለ መምህር፣ መምህርም ያለ መጽሐፍ ብዙ አይራመድም። ኦኔሲሞስ መጽሐፉን ለማዘጋጀት ረጅም ዓመታት ደክሟል፤ በመጨረሻም መምህር ሆኖ ከመጽሐፉ አጠገብ ቆሟል። ከእኛ መካከል ነገ መምህር የሚሆኑ ይህን ያስቡ።