ንጉሥ ላሊበላ በሁለት ጸሐፊዎች ፊት

አንባቢያችን ሆይ፤ የላስታውን ንጉሥ ቅዱስ ላሊበላን በስም የማያውቅ የለም። ዳሩ ግን የምናውቀው የቱን ላሊበላ ነው?

ከዛጕዌ ነገሥታት አንዱ የሆነው ላሊበላ፥ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነገሠ። በዘመኑ የሰጠው የጕልት ሰነድ በሺመዛና ደብረ ሊባኖስ ወንጌል ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ አንዱ በአውሮፓ አቈጣጠር የ1204፥ ሌላውም የ1225 ነው። ይህ ጽሑፍ የታሰበው የርስት ክርክር ለሚሰማ ዳኛ ስለ ሆነ፥ ነገሩ መሬት ነው፤ ስለ ንቦች አንዳች አይነግረንም።

ገድሉ ግን ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ተጻፈ። ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ መርዝ ጠጥቶ ወደ ሰማይ ተነጠቀ፤ የዐለቱንም አብያተ ክርስቲያናት አሠራር መላእክት አሳዩት ይላል። ወንድሙ በሕይወት ሳለ ዙፋኑን እንዴት ያዘ ለሚለው ከባድ ጥያቄም፥ ወንድሙ በፈጣሪ ትእዛዝ በፈቃዱ ለቀቀለት ብሎ ይመልሳል።

የገድሉን ጸሐፊ ሐሰተኛ ልንለው አንደፍርም። የጻፈው በየዓመቱ ሰኔ 12 ቀን፥ የላስታን ተራራ በእግሩ አቋርጦ ለሚመጣው ምእመን ነው፤ ያ ደካማ መንገደኛ የሚሻው የግብር ቍጥር ሳይሆን መጽናኛ ነውና።

ስለዚህ ገድሉን እንደ ዜና መዋዕል፥ ሰነዱንም እንደ ስብከት የሚያነብ ሰው ሁለቱንም ይበድላል። እኛም ብዕር ስናነሣ፥ የምንጽፈው ለማን እንደ ሆነ አስቀድመን ብንጠይቅ መልካም ነው እንላለን።