ሂካ ማለት ፈቺ ማለት ነው

የሰፈራችን ልጅ ከአረብ አገር የተመለሰች ሰሞን እኔም እንደ ሰው ሁሉ ሄጄ ጠየቅኳት። ጠየቅኳት ስላችሁ በጥያቄ አጣደፍኳት ማለቴ ነው። ደላላው ማን ነበር፣ በየት አሻገሩሽ፣ አሰሪዎችሽ ምን አደረጉሽ... ልጅቷ ስኒዋን አስቀምጣ ጓዳ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ያኔ ቅር አለኝ። አሁን ሳስበው የማፍረው በራሴ ነው።

ዓይኔን የገለጠልኝ የአንድ ሰው ታሪክ ነው። ኦነሲሞስ ነሲብን ብዙዎቻችሁ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ በመተርጎሙ ታውቁታላችሁ። ከዚያ በፊት ግን የተሸጠ ልጅ ነበር።

ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ ሲወለድ ያወጡለት ስም ሂካ ነው። አባቱ የሞተበት ገና ሕጻን ሳለ ነበር። በ1869 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሪያ ፈንጋዮች ከአገሩ ወሰዱት። ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 ስዊሳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣው፤ የስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤትም ገባ።

ፊልም ቢሆን እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሰንሰለት በአንድ ቀን ይፈታል፤ የተነጠቀ ልጅነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ኦነሲሞስ በአዲስ ኪዳን ውስጥ የምናገኘው ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ለእኔ ይሄ ያለፈውን ሳይደብቁ መኖር ነው።

ስዊድን ሄዶ ተማረ። ከተመለሰ በኋላ በ1880ዎቹ ወደ ወገኖቹ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ተቀምጦ ትርጉሙን ያዘ። ግን ከአገሩ የተወሰደው በልጅነቱ ስለሆነ የኦሮምኛ ቃላት ያጥሩት ነበር።

የደረሰችለት አስቴር ጋኖ ናት። እሷም ተሸጣ ቀይ ባሕርን ስትሻገር በ1886 የጣሊያን መርከብ ነው ያስጣላት። የቀራት በልቧ የያዘችው ነበር። ወደ 500 የሚጠጉ ዘፈኖች፣ ተረቶችና እንቆቅልሾች ጻፈች። ከፊሉ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገባ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። ልብ በሉ፤ እምኩሉ ላይ የተፈለገው የአስቴር ቁስል ሳይሆን እውቀቷ ነበር።

ኦነሲሞስ ወለጋ የገባው በ1904 ነው፤ ከተወሰደ ከ35 ዓመት በኋላ። ሲያስተምርና ሲሰብክ ኖሮ በ1931 ነቀምቴ አረፈ።

ሂካ በኦሮምኛ ፈቺም ተርጓሚም ማለት ነው። በእኛም አማርኛ እኮ እስረኛም ይፈታል፣ ቃልም ይፈታል።

ባለፈው እሁድ ወደዚያች ልጅ ተመልሼ ሄድኩ። ከመሰደዷ በፊት በሹሩባ የሚያክላት አልነበረም። እህቴን ይዤ ሄጄ ስሪልን አልኳት፤ በክፍያ። እጇ አልረሳም። ስለ ጉዞዋ አንድም ቃል አልወጣትም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ግን ጓዳ አልገባችም።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ተመላሽ ካለ አታጣድፉት። ሌሊት የሚባንን፣ እንቅልፍ እምቢ ያለው ከሆነ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ሲወስን አብራችሁት ሂዱ። እስከዚያው ምን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚችል ጠይቁት።